ለአጭር የዕለት ጉዞ የሚሆን ክላሲክ ብስክሌት አመራረጥ፦ ዝርዝር መመሪያ

ብስክሌት ገዝተው ጥቂት ሳምንት ከነዱ በኋላ በረንዳ ላይ አስደግፈው የሚተዉት ሰዎች ብዙ ናቸው። ምክንያታቸው ሲጠየቅ «ጉልበቴን አመመኝ»፣ «ዳገቱ አላስኬደኝ አለ» ወይም «ጎማው ተበላና መተኪያ አጣሁለት» ይላሉ። ሦስቱም ችግሮች የሚጀምሩት ብስክሌቱ በቀለሙና በኮርቻው ውበት ተወድዶ በተገዛበት ሰዓት ነው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው መሪው ከኮርቻው ከፍ ብሎ ጀርባን ሳያጎብጥ የሚያስቀምጠውን፣ ፓራፋንጎ፣ የሰንሰለት መሸፈኛና ዕቃ መጫኛ ያለውን ክላሲክ ብስክሌት ሲሆን፣ ጉዞውም ከ2 እስከ 6 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የሥራ፣ የትምህርት ቤት ወይም የገበያ ምልልስ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች ሳይጨርሱ ዋጋ መጠየቅ አይጀምሩ።

ከመጀመርዎ በፊት ያዘጋጁ

የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የ40 ሴንቲ ሜትር የብረት ማስመሪያ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ፣ እርሳስ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ትንሽ ማግኔት እና ውኃ የሞላ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያስፈልግዎታል። ውኃውና ማግኔቱ የሚያገለግሉት ለፍሬን ፍተሻ ነው።

ደረጃ 1፦ መንገድዎን ይመዝኑ

1. ከቤትዎ እስከ ሥራ ቦታዎ ያለውን ርቀት በስልክዎ ካርታ ይለኩና ይመዝግቡ። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ያለ ብዙ ድካም በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ 4 ኪሎ ሜትር ከ16 እስከ 20 ደቂቃ ይወስድበታል።

2. ከመንገዱ ሁሉ ቀጥ ያለውን ዳገት ይለዩ። የዳገቱን ታችና ላይ ከፍታ ከካርታው ያንብቡ፤ ልዩነቱን ለዳገቱ ርዝመት ያካፍሉና በ100 ያባዙ። በ500 ሜትር ውስጥ 20 ሜትር የሚወጣ መንገድ 4 በመቶ ነው።

3. መንገዱን ደርሶ መልስ አድርገው ይቁጠሩ። ጠዋት ቁልቁለት የሆነው ሁሉ ማታ፣ ደክሞዎትና ምናልባትም ዕቃ ጭነው፣ ዳገት ይሆናል።

4. የመንገዱን ገጽ ይጻፉ፦ አስፋልት፣ ኮብልስቶን ወይስ ፒስታ? ኮብልስቶን ከበዛ ከ37 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ጎማ አይምረጡ።

ከ2 በመቶ በታች የሆነ መንገድ ለዚህ ዓይነት ብስክሌት የተመቸ ነው። ባሕር ዳር እና ሐዋሳ አብዛኛው መንገዳቸው ሜዳ ስለሆነ አንድ ፍጥነት ብቻ ያለው፣ ማለትም ማርሽ የማይቀየርለት፣ ብስክሌት ይበቃቸዋል፤ ነገር ግን በሁለቱም ከተሞች ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣውን ነፋስ ይቁጠሩት፤ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ደረቱን ለነፋስ ይሰጣልና። ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ ዳገት ካለ ማርሹን በደረጃ 4 እንደተገለጸው ማስተካከል ግዴታ ይሆናል።

ከ6 በመቶ በላይ የሆነና ከጥቂት መቶ ሜትር የሚረዝም ዳገት በየቀኑ የሚወጡ ከሆነ፣ ይህን ብስክሌት እንዲገዙ አልመክርም። ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት ነው፤ ቀጥ ብለው ሲቀመጡም እግርዎ ሙሉ ኃይሉን አያወጣም። አዲስ አበባ ላይ ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ በየጠዋቱ የሚወጣ ሰው፣ በዚያ ላይ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚያልፈው ከፍታ ተጨምሮበት፣ ይህን ባለ አንድ ፍጥነት ብስክሌት ቢገዛ ብዙ አይነዳውም። ዳገቱ አጭር ከሆነ ግን ወርዶ መግፋትን እንደ ጉዞው አንድ ክፍል ይቁጠሩትና ጊዜውን ይደምሩበት።

ደረጃ 2፦ ሰውነትዎን ይለኩ

1. ጫማዎን አውልቀው ጀርባዎን ከግድግዳ ያስጠጉና እግሮችዎን በ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይክፈቱ።

2. መጽሐፉን በእግሮችዎ መካከል አስገብተው፣ አንድ ጠርዙ ግድግዳውን እንደነካ፣ ኮርቻ ላይ የተቀመጡ ያህል እስኪሰማዎ ወደ ላይ ይግፉት።

3. ሌላ ሰው ከወለሉ እስከ መጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ ያለውን ይለካ። ይህ የእግርዎ የውስጥ ርዝመት ነው።

4. ያገኙትን በ0.65 ያባዙ። ውጤቱ የኮርቻው ዘንግ የሚገባበት ቱቦ፣ ከፔዳሎቹ መሃል እስከ ቱቦው አናት፣ ሊኖረው የሚገባ ርዝመት ነው። 80 ሴንቲ ሜትር ለተለካ ሰው 52 ሴንቲ ሜትር፣ 74 ለተለካ ደግሞ 48 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በዘንግ ፍሬን (በገመድ ፈንታ በብረት ዘንግ በሚሳብ ፍሬን) የሚሠራው፣ በጎማው ላይ 28 የሚል ቁጥር ያለው የድሮ ዓይነት ብስክሌት ብዙ ጊዜ የሚሠራው በ22 ኢንች፣ ማለትም በ56 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ነው፤ በዚህ ስሌት የሚስማማው የእግር ርዝመቱ 86 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ነው። አጠር ያለ ሰው ከነዳው ፔዳሉ ታች ሲደርስ ወገቡን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ይደርስበታል፤ በመስቀለኛ መንገድ ሲቆምም እግሩ መሬት አይደርስም።

ሻጩ «ኮርቻውን ዝቅ እናደርግልዎታለን» ቢል አይቀበሉ። ኮርቻ ዝቅ ሲል መሪው አይቀርብም፤ የላይኛው አግዳሚ ብረትም ቦታውን አይለቅም። የእርስዎን ልክ ካጡ ከልክዎ ያነሰውን ይውሰዱና ረጅም የኮርቻ ዘንግ ያስገቡለት፤ ትንሹን ማስረዘም ይቻላል፣ ትልቁን ማሳጠር ግን አይቻልም።

አግዳሚ ብረት የሌለውና መሃሉ ዝቅ ያለው ቅርጽ «የሴት» ተብሎ መጠራቱ ብዙ ወንዶችን ያለ በቂ ምክንያት ያርቃቸዋል። ከኋላ ዘንቢል ወይም ልጅ የሚጭን ሰው እግሩን በኋላ በኩል አዙሮ መውጣት ስለማይችል፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰውም እግሩን ከፍ ማድረግ ስለሚከብደው፣ ጾታ ሳይለይ ይህን ቅርጽ ቢመርጥ ይሻለዋል። ረጅም ቀሚስ ወይም ነጠላ የምትለብስ ሴት ደግሞ በኋላ ቸርኬ ግራና ቀኝ መረብ ወይም መሸፈኛ መኖሩን ማረጋገጥ አለባት፤ ጨርቅ በራጂ (ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር በሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች) መካከል ገብቶ ቸርኬውን በአንድ ጊዜ ሊያስቆመው ይችላልና።

ደረጃ 3፦ ጎማውን ከብስክሌቱ በፊት ይምረጡ

በጎማ ላይ የሚጻፉት «26» እና «28» የተባሉ ቁጥሮች ብቻቸውን አስተማማኝ አይደሉም። አንድ ዓይነት ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት ጎማዎች በተለያዩ ቸርኬዎች ላይ የሚገቡ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚታመነው በጎማው ጎን ላይ በትንሹ የሚጻፈው፣ በሰረዝ የተለየ ጥንድ ቁጥር ነው፤ የፊተኛው የጎማውን ስፋት፣ የኋለኛው ጎማው የሚቀመጥበትን የቸርኬ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ይነግራል።

በክላሲክ ብስክሌቶች ላይ የሚያጋጥሙዎት እነዚህ ናቸው፦

40-635፦ በዘንግ ፍሬን የሚሠራው የድሮው ባለ 28።
37-622፦ አዲሱ ባለ 28፣ 700 ተብሎም የሚጻፈው።
37-590፦ የከተማ ብስክሌቶች ባለ 26።
47-559፦ የተራራ ብስክሌቶች ባለ 26።

በ590 እና በ559 መካከል 31 ሚሊ ሜትር፣ በ635 እና በ622 መካከል 13 ሚሊ ሜትር ልዩነት አለ። ሁለቱም ልዩነቶች በጉልበት አይሸፈኑም። በግድ የገባ ጎማ ከቸርኬው ወጥቶ ከመነዳሪውን ያፈነዳዋል።

ስለዚህ ብስክሌት ከማየትዎ በፊት በአካባቢዎ ወዳሉ ሁለት የመለዋወጫ መደብሮች ይሂዱና፣ መደርደሪያቸው ላይ ያሉትን ጎማዎች ጎን ራስዎ አንብበው ይመዝግቡ። «ይመጣል» የተባለውን አይመዝግቡ። በሁለቱም መደብር ያገኙት ልክ የእርስዎ ልክ ነው፤ በአንዱ ብቻ የተገኘውን ከገዙ አንድ ትርፍ ጎማና ሁለት ከመነዳሪ አብረው ይግዙ። በየትኛውም መደብር ያልተገኘ ልክ ያለው ብስክሌት ምንም ያህል ቢያምር ይለፉት። ከአውሮፓ ብስክሌት ለሚያስመጡም ይኸው ይሠራል፦ የሆላንድ ብስክሌቶች በብዛት 622 ወይም 635 ናቸውና ከመጫኑ በፊት የጎማውን ጎን በፎቶ አስልከው ያንብቡ።

ደረጃ 4፦ ማርሹን ያስሉ

ከፔዳሉ ጋር ያለውን ጥርሳም ብረት ጥርሶች ይቁጠሩና በኋላ ቸርኬ ላይ ላለው ጥርስ ቁጥር ያካፍሉ። የፊቱ 44፣ የኋላው 18 ከሆነ ውጤቱ 2.44 ነው። የባለ 28 ጎማ ዙሪያ 2.2 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 5.4 ሜትር ይሄዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ቢያዞሩ ፍጥነትዎ በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ማለት ነው።

እርስዎ ግን የሚሄዱት በ14 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በዚያ ፍጥነት ይህ ማርሽ እግርን በዝግታና በኃይል እንዲገፋ ያስገድደዋል፤ ብዙውን ጊዜ በኮርቻው ወይም በዕድሜ የሚሳበበው የጉልበት ሕመም አንዱ ምንጭ ይህ ነው። የምመክረው እንደሚከተለው ነው፦

ለጥ ላለ ሜዳ ከ2.2 እስከ 2.4፤
እስከ 3 በመቶ ለሚደርስ ዳገት 2.0 ገደማ፤
ከዚያ በላይ ላለው ባለ ሦስት ፍጥነት።

ያገኙት ብስክሌት ቁጥሩ ከፍ ያለ ከሆነ አይተዉት፤ የኋላውን ጥርስ ከ18 ወደ 22 ማስቀየር በርካሽ የሚሠራ ጥገና ሲሆን 2.44 የነበረውን 2.0 ያደርገዋል። ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ አሮጌውን ጥርስ አስፈትተው ይዘው ወደ መደብር ይሂዱ፤ አንዳንዱ እንደ ብሎን እየዞረ የሚጠብቅ፣ አንዳንዱ በቀለበት የሚያዝ ስለሆነ በቃል ማስረዳት አይበቃም። ሁለተኛ፣ ጥርሱ ሲበዛ ሰንሰለቱ ሊያጥር ስለሚችል አዲስ ሰንሰለት ወይም ተጨማሪ ማያያዣ ያዘጋጁ።

ባለ ሦስት ፍጥነት ሲባል ማርሹ በኋላ ቸርኬ መሃል፣ በሞዞው ውስጥ የተደበቀውን ይምረጡ። ዝናብና ጭቃ አይገባበትም፤ ቆመውም መቀየር ይችላሉ። ዝቅተኛው ፍጥነት ከመካከለኛው በሩብ ያህል ይቀላል፤ በመሆኑም 2.44 የነበረው 1.83 ይሆናል። ሲሞክሩት በ2 እና በ3 መካከል ፔዳሉ በድንገት ባዶ ከሆነ፣ የገመዱ ውጥረት ተበላሽቷል ማለት ነው፤ የገመዱን ማስተካከያ በጥቂቱ እያጠበቁ ደግመው ይሞክሩ። ካልተስተካከለ የውስጡ አካል ተበልቷልና አይግዙት። እስኪስተካከል ድረስ ደግሞ ከኮርቻው ተነሥተው ቆመው አይንዱ፤ ባዶ የሆነ ፔዳል ሰውን በመሪው ላይ ይጥላል።

ደረጃ 5፦ ፍሬኑን በውኃ ይፈትኑ

በደረቅ ቀን ሁሉም ፍሬን የሚይዝ ይመስላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት የሚሆነውን ለማወቅ ይህን ያድርጉ፦

1. ከብስክሌቱ ጎን ቆመው የፊት ፍሬኑን ብቻ ይያዙና ወደፊት ይግፉ። የኋላው ጎማ ከመሬት መነሣት አለበት።

2. የያዙትን ውኃ በቸርኬው ላይ፣ ፍሬኑ በሚነካው ቦታ፣ ዙሪያውን ያፍስሱ። ቸርኬውን ሁለት ጊዜ ያዙሩና ደግመው ይግፉ።

3. የኋላውን ፍሬን እንዲሁ ይፈትኑ፤ ጎማው ሳይዞር መሬት ላይ መጎተት አለበት።

በውኃ ጊዜ ጎማው እንደ ልብ ከዞረ ቸርኬው ብረት ሳይሆን አይቀርም። ማግኔት ያስጠጉበት፤ ከያዘው ብረት ነው። የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ ሲረጥብ ላስቲኩ ይንሸራተትበታል፤ አሉሚኒየም ግን እርጥብም ሆኖ በተሻለ ሁኔታ ይይዛል። ፍሬኑ በገመድ የሚሠራ ከሆነ መፍትሔው ቸርኬውን በአሉሚኒየም ማስለወጥ፣ ካልሆነም ለብረት ቸርኬ የተሠራውን ባለ ቆዳ የፍሬን ላስቲክ ማድረግ ነው። በዘንግ የሚሠራው የድሮ ፍሬን ግን የሚጫነው በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ስለሆነ ተራ የአሉሚኒየም ቸርኬ አይገባለትም። እንዲህ ያለውን ብስክሌት ሜዳ ላይ፣ በዝግታና በበጋ ብቻ ለሚነዳ ሰው ካልሆነ አልመክረውም።

ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዘው ፍሬን በዝናብ አስተማማኝ ነው። ሆኖም ሰንሰለቱ ከወለቀ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል፤ በረጅም ቁልቁለትም ይግላል። ስለዚህ ከፊት የእጅ ፍሬን የሌለውን አይግዙ።

ደረጃ 6፦ አሮጌ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ይፈትሹ

1. *ባለቤትነት።* የብስክሌቱ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከፔዳሎቹ መሃል ሥር ወይም በኮርቻው ቱቦ ላይ ተቀርጿል። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ ሌላውን መመልከት አያስፈልግም፤ ይሂዱ። ካለ በደረሰኙ ወይም በሽያጭ ውሉ ላይ ያስጽፉት።

2. *የግጭት ምልክት።* መሪውን የሚሸከመው አጭር ቱቦ ከሌሎቹ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከሥር በኩል ጣትዎን ያሳልፉ። ቀለሙ ከተሸበሸበ ወይም ብረቱ ካበጠ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቷል፤ አይግዙት።

3. *ኮርቻና መሪ።* ሻጩ ሁለቱንም እርስዎ እያዩ ከፍና ዝቅ ያድርግልዎት። ዝጎ የተጣበቀ ዘንግ በልክዎ ሊስተካከል አይችልም፤ በመዶሻና በእሳት ለማላቀቅ የሚደረገው ሙከራም ቱቦውን ይሰብራል።

4. *ቸርኬ።* ከመሬት አንሥተው ያዙሩት። ወደ ጎን የሚወዛወዘው ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ራጂዎቹን በማጥበቅ ይቃናል። የተሰበሩ ራጂዎች ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ የአዲስ ቸርኬ ዋጋ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።

5. *የፔዳል ክንዶች።* ሁለቱንም ይዘው ወደ ጎን ይነቅንቁ። ሁለቱም አብረው ከተነቃነቁ ኩሽኔታው ማስተካከያ ይፈልጋል። አንዱ ብቻውን ከተነቃነቀ ክንዱ ከማያያዣው ለቋል፤ እንዲህ ሆኖ የተነዳ ክንድ ቀዳዳው ስለሚሰፋ ብዙ ጊዜ መለወጥ ይኖርበታል።

6. *ሰንሰለት።* ማስመሪያውን አስጠግተው ከአንድ ፒን መሃል ጀምረው 24 ፒኖችን ወደፊት ይቁጠሩ። አዲስ ሰንሰለት 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 308 ከደረሰ አልቋል።

ዝገት ያስፈራል፤ ነገር ግን በፓራፋንጎና በዕቃ መጫኛ ላይ የሚታየው የገጽ ዝገት ከላይ ከተዘረዘሩት የአንዱንም ያህል ክብደት የለውም።

ደረጃ 7፦ ነድተው ይወስኑ

ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ያድርጉ፤ ጉልበትዎ ቀጥ ማለት አለበት። በእግርዎ ፊተኛ ክፍል ሲረግጡ ታዲያ ጉልበትዎ ጥቂት ይታጠፋል። መሪውን ከኮርቻው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት። በሁለቱም ዘንጎች ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ ምልክት ከቱቦው ውጭ እንዳይታይ፤ ምልክት ከሌለ ቢያንስ 6.5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይቅር።

ከዚያ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይንዱ፤ በየቀኑ የሚይዙትን ያህል ዕቃም ይጫኑ። በሱቁ ፊት ለፊት አንድ ዙር መዞር ምንም አይነግርዎትም። መሪውን ሙሉ በሙሉ ሲያዞሩ ጉልበትዎን ከነካ መሪው ቀርቧል። ክንድዎ ተዘርግቶ ትከሻዎ ከተወጠረ ርቋል፤ ወደ ኋላ ይበልጥ የታጠፈ መሪ ያስቀይሩለት። እጅዎ ከደነዘዘ የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች አዘንብሎ ሊሆን ስለሚችል ከመሬት ጋር ትይዩ ያድርጉት። ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ክብደቱ ከሞላ ጎደል በኮርቻው ላይ ስለሚያርፍ ኮርቻው ሰፊና ባለ ስፕሪንግ ይሁን፤ በጣም የሚሰምጠው ለስላሳ ግን ከአስር ደቂቃ በኋላ ያሳምማል።

ደረጃ 8፦ ከገዙ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት

የኋላ ቸርኬ ቁልፍና ጠንካራ ሰንሰለት አብረው ይግዙ፤ ሰንሰለቱ ፍሬሙን (የብስክሌቱን ዋና አካል) ከማይነቀል ነገር ጋር ማሰር አለበት። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ያድርጉ፤ ሄልሜትም አይርሱ።

ጎማውን በጎኑ በተጻፈው ልክ ይንፉ፤ ለ37 እና ለ40 ሚሊ ሜትር ጎማ ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 65 ፒ.ኤስ.አይ. (በነፊው መለኪያ ላይ የሚጻፍ የአየር ግፊት መለኪያ) ነው። በየሳምንቱ ይለኩት፤ የላላ ጎማ በድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲወጣ ከመነዳሪው ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጦ ይበሳል።

ከመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁሉንም ብሎንና ዳዶ ያስጠብቁ፤ ራጂዎቹም በአዲስ ቸርኬ ላይ ስለሚላሉ አብረው ይታዩ። ፔዳል ራስዎ የሚያጠብቁ ከሆነ ይጠንቀቁ፦ የቀኙ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፤ የግራው ግን በተቃራኒው ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። የግራውን ፔዳል በተለመደው አቅጣጫ አጠብቃለሁ ብሎ የሚታገል ሰው እያላላው ነው፤ የቀኙን በግራ ክንድ ውስጥ በግድ ካስገባ ደግሞ የክንዱ ጥርስ ይበላል፤ ክንዱም ይለወጣል። በፔዳሎቹ ጫፍ ላይ የተቀረጹትን «ኤል» እና «አር» የሚወክሉ የላቲን ፊደላት ያንብቡ፤ የመጀመሪያው የግራ፣ ሁለተኛው የቀኝ ነው፤ ጥርሱንም በቁልፍ ከማጥበቅዎ በፊት በጣትዎ ብቻ ሁለት ዙር ያስገቡ። በጣት የማይገባ ከሆነ ቁልፍ አይጠቀሙ፤ አውጥተው ጥርሱን ያጽዱና ግሪስ ቀብተው እንደገና ይጀምሩ።